ሴፋሪያ፦ ስለ ኃጢአትና ንስሐ ለሚያስተምር ሰው የሚሆን አፕ

ሴፋሪያ የአይሁድ መጻሕፍትን የያዘ የሞባይል አፕ ነው። ድረ ገጽም አለው። ኦሪቱ፣ ነቢያቱ፣ ሚሽናው (የቃል ሕጉ ስብስብ)፣ ታልሙዱ (ሚሽናውን የሚያብራራው ሰፊ ሥራ)፣ የራቢዎቹ (የአይሁድ መምህራን) ትርጓሜ፣ የሕግና የጸሎት መጻሕፍቱ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሹዋ ፎየር እና ብሬት ሎክስፓይዘር እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረቱት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ክፍያ አይጠይቅም። ስለ ሁሉም ነገር ብዙ አላወራም፤ እኔ የምጠቀምበት ለአንድ ጉዳይ ነው። ኃጢአት ምን እንደሆነ፣ ሰው ከኃጢአቱ እንዴት እንደሚመለስ ለማንበብ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከዐቢይ ጾም በፊት ትምህርታችን ሁሌም ንስሐ ነው። ልጆቹ የዋዛ አይደሉም። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «የጓደኛዬን ስም አጥፍቼ ለንስሐ አባቴ ብናገር፣ የተሰጠኝን ቀኖና ብጨርስ፣ እሷ ግን ምንም ሳታውቅ ብትቀር፣ አለቀ ማለት ነው?» እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት መለስኩላት። ቢሆንም ጥያቄው ከውስጤ አልወጣ አለ። ኦሪትን ከእኛ ጋር የሚጋሩት አይሁድ ይህን ነገር እንዴት ያዩታል? ወደ ሴፋሪያ የወሰደኝ ይህ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንድ ቁጥር ስትነኩ ዝርዝር ይከፈታል። ያንን ቁጥር የጠቀሱ ወይም ያብራሩ መጻሕፍት ሁሉ በየፈርጁ ተደርድረው ይመጣሉ። መጀመሪያ የከፈትኩት ዘፍጥረት 4፥7ን ነው። በኦሪት ኃጢአት በስሙ የተጠራው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። በአዳምና በሔዋን ታሪክ ውስጥ ቃሉ የለም። የሚመጣው ቃየን በወንድሙ ላይ ፊቱ ሲጠቁር ነው። «ኃጢአት በደጅ ታደባለች፤ ፈቃድዋም ወደ አንተ ነው፥ አንተም በእርስዋ ንገሥባት።» ቁጥሩን ስነካው የመካከለኛው ዘመን ተርጓሚ የራሺ ማብራሪያ መጣ፤ ከዚያ የሌሎች ሊቃውንት፤ ከዚያ ታልሙድ። ከታልሙድ ክፍሎች አንዱ ቂዱሺን፣ ገጽ 30 ነው። እዚያ ፈጣሪ ለእስራኤል «ክፉውን ዝንባሌ ፈጠርኩ፤ ኦሪትንም መድኃኒት አድርጌ ፈጠርኩለት» ይላል።

የአይሁድ ሊቃውንት ስለ ኃጢአት የሚሉት አብዛኛው ነገር በዚህ ዙሪያ ነው። ሰው ሁለት ዝንባሌ ይዞ ይኖራል፤ በጎና ክፉ። በየቀኑ ይታገላል። የገረመኝ ክፉውን ዝንባሌ ጨርሰው አለመርገማቸው ነው። ዘፍጥረትን በሚተረጉመው ጥንታዊ መጽሐፍ በዘፍጥረት ራባ ላይ እሱ ባይኖር ማንም ቤት አይሠራም፣ ትዳር አይዝም፣ ልጅ አይወልድም፣ አይነግድም ይላሉ። ዮማ በሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 69 ላይ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። ሰዎች ጸልየው ክፉውን ዝንባሌ ያዙት። ሦስት ቀን አሰሩት። ከዚያ በእስራኤል ምድር ሁሉ ትኩስ እንቁላል ቢፈልጉ አጡ። ዶሮ እንኳ መውለድ አቁማለች። ምን እናድርግ ብለው ተጨነቁ፤ ዓይኑን አጥፍተው ለቀቁት። ይህን ታሪክ ለወጣቶቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ በውስጡ የሚነሳው ስሜት ሁሉ ርኩስ ነው ብሎ ሲያስብ ተስፋ ይቆርጣል። ስሜቱ ልጓም ያስፈልገዋል ሲባል ግን የሚሠራው ነገር ያገኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልምጣ፤ አፑ ዋጋውን ያሳየኝ እዚህ ላይ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከሚሽና ነው፤ ዮማ ምዕራፍ 8፣ ቁጥር 9። ሚሽና በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰበሰበ ነው። ሁለት ነገር ይላል። «እበድላለሁ፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ» እያለ ለሚመላለስ ሰው ንስሐ የመግባት ዕድል አይሰጠውም። ሁለተኛው ደግሞ፦ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ዮም ኪፑር፣ የሥርየት ቀን፣ ያስተሰርያል፤ በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም። ቁርጥ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትጾም፣ ደረትህን ብትደቃ፣ ያዘነብህ ሰው እቤቱ ተቀምጦ እያለ አይሆንም።

ሚሽናውን ስትነኩ ታልሙዱ ይከፈታል። ዮማ 87 ላይ የራቭ ታሪክ አለ። ራቭ በሦስተኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የኖረ ትልቅ ሊቅ ነው። ስሙ አባ ነው። አንድ ባለ ሉካንዳ በድሎታል። የዮም ኪፑር ዋዜማ ደረሰ፤ ሰውየው ይቅርታ ሊጠይቅ አልመጣም። ራቭ «እኔው ልሂድና ይታረቀኝ» ብሎ ተነሳ። መንገድ ላይ ደቀ መዝሙሩ ራቭ ሁና አገኘውና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው። ሲነግረው ሁና በልቡ «አባ ሰው ሊገድል ነው የሚሄደው» አለ። ራቭ ደርሶ ቆመ። ሰውየው ተቀምጦ ጭንቅላት ይፈልጣል። ቀና ብሎ አየው፤ «አባ ነህ እንዴ? ሂድ፣ ከአንተ ጋር ጉዳይ የለኝም» አለው። ፍለጣውንም ቀጠለ። አጥንት ፈንጥሮ ጉሮሮው ላይ መታውና ሞተ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አነበብኩት። ራቭ ተበዳይ ሆኖ ሳለ ተነስቶ መሄዱ ደስ ይላል። ግን ሁና ያየው ምንድን ነው? አንዳንድ ጊዜ ይቅርታ ላድርግልህ ብሎ ሰው ፊት መቆምም ከባድ ነው። ያልተዘጋጀውን ሰው ጥግ ያስይዘዋል። እዚያው ገጽ ላይ ራቢ ዜራ ሌላ መንገድ አለው። የበደለው ሰው ካለ በዚያ ሰው ደጅ ወዲያ ወዲህ ይላል። ምንም አይናገርም። ሰውየው ወጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ቢፈልግ እንዲቀለው ብሎ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው የሰው ልብ ያውቃል።

ከዚያ ወደ ማይሞኒደስ ሄድኩ። አይሁድ ራምባም ይሉታል። በኮርዶባ ተወልዶ በግብፅ ፉስጣጥ እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈ ሐኪምና የሕግ ሊቅ ነው። ሕጉን ሁሉ በሰበሰበበት ሥራው ውስጥ ስለ ንስሐ አሥር ምዕራፍ ጽፏል። ሁለተኛውን ምዕራፍ ማንኛውም የንስሐ መምህር ቢያነበው እላለሁ። ሙሉ ንስሐ የቱ ነው ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። የበደልክበት ሁኔታ ተመልሶ መጥቶ፣ መሥራት እየቻልክ፣ ፈርተህ ወይም አቅም አጥተህ ሳይሆን ንስሐ ስለገባህ ስትተወው። አርጅቶ አቅም ሲያንሰው የተወ ሰውም ንስሐው ይቆጠርለታል፤ የላቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

በሰው ላይ ስለተሠራው በደል ደግሞ እንዲህ ይዘረዝራል። ገንዘብ ከሆነ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየውን ማስታረቅም አለብህ። እምቢ ካለህ ሦስት ወዳጆቹን ይዘህ ሂድ። አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ተወው፤ ኃጢአተኛው ይቅር ያላለው ይሆናል። የበደልከው መምህርህ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜም ቢሆን ትሄዳለህ። ሰውየው ከሞተስ? አሥር ሰው ይዘህ መቃብሩ ላይ ቆመህ «በእግዚአብሔርና በእገሌ ላይ በድያለሁ» ትላለህ። ሽማግሌ መላክን ለሚያውቅ እንደኛ ላለ ሰው ይህ ሩቅ አገር አይደለም። ካሳውም፣ ሦስት ሰው ይዞ መሄዱም፣ ተበዳይም ድንበር አለው ማለቱም የምናውቀው ነው።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ገና ነው፤ ተበዳይዋ ባታውቅስ? በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተለያይተዋል። ራቢ እስራኤል ሜየር ካጋን ስለ ሐሜት በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1873 በወጣው ሥራው፣ የታማው ሰው ባያውቅም ሄደህ ነግረህ ይቅርታ ጠይቅ ይላል። በዘመኑ የነበረው ራቢ እስራኤል ሳላንተር ግን በዚህ አልተስማማም ተብሎ ይነገራል። ለማያውቅ ሰው ሄደህ ብትነግረው ደግመህ ታቆስለዋለህ፤ አንተ ልብህ እንዲቀልልህ ብለህ እሱን አታሳምም፤ ይህ ነው ምክንያቱ። ለክፍሉ ሁለቱንም አቀረብኩላቸው። ተከራከሩ። በደንብ ተከራከሩ። ጠያቂዋ ልጅ መጨረሻ ላይ ወደ ሳላንተር አዘነበለች፤ ነገር ግን ስሟን ያጠፋሁባቸው ልጆች ጋ ሄጄ ውሸት ነው የነገርኳችሁ እላለሁ አለች። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልመክራትም ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ከታልሙድ ባባ መጺዓ 58ን ተመልከቱ። የባልንጀራውን ፊት በሰው ፊት ያገረጣ ደም እንዳፈሰሰ ነው ይላል። አንዱ ሊቅ ሲያብራራ፣ እውነት ነው፣ ቅላቱ ሄዶ ንጣቱ ሲመጣ አይቻለሁ ይላል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የክፍል ጓደኛቸውን ፎቶ ለሚለቁ ልጆች ይህን አንብቡላቸው። ሌላ ስብከት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። አፑ ውስጥ ሐዲስ ኪዳን የለም። የአይሁድ ቤተ መጻሕፍት ነውና አይጠበቅም። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። እኔ ያተረፍኩትም ከዚህ ነው። ማቴዎስ 5 ላይ ጌታ «በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድሞም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ያለውን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። የዮማን ሚሽና ካነበባችሁ በኋላ ስታነቡት ግን ቃሉ ይከብዳል። ዘኬዎስም እንደዚያው። «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ፤ ጌታም መዳን ለዚህ ቤት ሆኗል ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም የንስሐ አባቶች ተጣልተህ ከሆነ መጀመሪያ ታረቅ፣ የሰው ገንዘብ ካለብህ መልስ ይላሉ። ሥርዓቱ አለን። ችኮላችን ነው የሚያስረሳን።

ልዩነቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ደግሞ ልክ አይሆንም። ትልቁ ልዩነት አዳም ላይ ነው። እኛ ጥንተ አብሶ፣ ከአዳም የመጣ በደል፣ እንላለን። ጳውሎስ በሮሜ 5 ኃጢአት በአንድ ሰው ወደ ዓለም ገባ፣ በኃጢአትም ሞት ይላል። ክርስቲያኖችም ግን በዚህ ላይ አንድ አይነት ቋንቋ አልተናገሩም። በምዕራቡ ዓለም አውግስጢኖስ፣ የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ፣ ሰው ከአዳም በደለኛነቱን ጭምር ወርሶ ይወለዳል ብሎ አጥብቆ አስተማረ። የአዳም በደል ወደ ልጆቹ አይተላለፍም ካለው ከጵላግዮስ ጋር ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ418 የካርታጎ ጉባኤ የጵላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ሮሜ 5ን ሲሰብክ ጫናውን ያሳረፈው ሞትና ቅጣት ለሰው ሁሉ መድረሳቸው ላይ ነው። ራቢዎቹም አዳም ሞትን አመጣ የሚለውን ያውቃሉ፤ ሻባት በሚባለው የታልሙድ ክፍል 55 ላይ ይከራከሩበታል። ነገር ግን ሕዝቅኤል «ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም» ያለውን ይዘው ይቆማሉ። በየጠዋቱ በሚጸልዩት ጸሎት ላይ «አምላኬ ሆይ፣ የሰጠኸኝ ነፍስ ንጹሕ ናት» ይላሉ።

ሁለተኛው ልዩነት መሥዋዕቱ ነው። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ሲፈርስ የሥርየቱ ደም የሚቀርብበት ቦታ ጠፋ። ራቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ ፍርስራሹን አይቶ ላለቀሰው ባልንጀራው «እንደዚያ ያለ ሌላ ሥርየት አለን፤ ምሕረት ማድረግ ነው» አለው፤ የሆሴዕን «ምሕረትን እወዳለሁ» ጠቅሶ። እኛ ደግሞ መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ በመስቀል ላይ ቀርቧል፣ ዛሬም በቅዱስ ቁርባን እንካፈለዋለን እንላለን። ይህን ልዩነት አለባብሼ ማለፍ አልፈልግም፤ እምነቴ እዚያ ላይ ነው። ሮሜ 7 ላይ ጳውሎስ የማልወደውን ክፉን አደርጋለሁ ብሎ ሲጮኽ፣ ከጫት ወይም ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገለውን ወጣት ድምፅ እሰማበታለሁ። «ንገሥባት» ብቻ ቢባል ያ ልጅ ይሰበራል። ይሁን እንጂ አይሁድ ሰው በራሱ ጉልበት ይድናል ይላሉ የሚለውን አነጋገር ከዚህ በኋላ ክፍሌ ውስጥ አልሰማም። ያው ቂዱሺን 30 የሰው ክፉ ዝንባሌ በየቀኑ እንደሚበረታበት ይናገርና፣ ፈጣሪ ባይረዳው ኖሮ አይችለውም ነበር ይላል።

ለእኛ አንባቢ የሚደንቅ ነገር ላክል። በአፑ የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ኩፋሌ አለ። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈው፣ በ81ዱ ውስጥ የምንቆጥረው የራሳችን ኩፋሌ። ምዕራፍ 34ን ክፈቱ። የያዕቆብ ልጆች የዮሴፍን ልብስ በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው የላኩት በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ነው ይላል፤ የሥርየት ቀን በሚውልበት ቀን። እስራኤል በዚያ ቀን እንዲያዝኑና በፍየል ጠቦት እንዲያስተሰርዩ የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው ይላል። ወንድምን መሸጥ፣ አባትን መዋሸት። የሕዝብ ሁሉ የሥርየት ቀን ከአንድ ቤት የወንድማማች በደል ጋር ተያይዟል። ይህን ምዕራፍ በግዕዝና በአማርኛ ማንበብ ለምንችል ሰዎች ትልቅ ሀብት ነው።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። የአፑ ማዘዣ በእንግሊዝኛና በዕብራይስጥ ነው። እንግሊዝኛው ለማይቀለው ሰው ይከብዳል። ታልሙዱ ላይ ግን አንድ ደግ ነገር አለ። የአዲን ሽታይንሳልዝ ትርጉም ነው የተጫነው፤ በደማቁ የተጻፈው ጽሑፉ ራሱ ነው፣ በቀጭኑ የተጻፈው ማብራሪያ ነው። ሁለቱን ስትለዩ መንገዱ ይገባችኋል። ሌላው ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ዝርዝሩ አይነግራችሁም። ሚሽናም፣ የመካከለኛው ዘመን ማብራሪያም፣ የዛሬ ሰው ያዘጋጀው የማስተማሪያ ወረቀትም በአንድ ንክኪ ይመጣል። ስለዚህ ማን መቼ እንደጻፈው ሳታዩ ጥቅስ አታንሱ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ የአይሁድነት ሁሉ ነው ብላችሁ አታስቡ። ቤተ እስራኤል ታልሙድን ሳያውቁ ነው ለዘመናት ኦሪትን የጠበቁት። የሥርየት ቀናቸውን አስተሥርዮ ይሉታል። መነኮሳት ነበሯቸው፤ ኑዛዜም ነበራቸው። ከሥርየት ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን ደግሞ ስግድ የሚባል በዓል አለ። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ይጾማል፤ በነህምያ ዘመን እንደነበረው የራሱንና የአባቶቹን በደል ይናዘዛል። ጎንደር አምቦበር ላይ ይከበር የነበረው ይህ በዓል እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት በዓል ሆኗል። ስለ እነሱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በዕድሜ የገፉ የቤተ እስራኤል ቄሶችን ይጠይቅ።

ለማን ይሆናል? ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለነገረ መለኮት ተማሪዎች፣ ለሰባክያን፣ ብሉይን በቁም ነገር ለሚያነብ ምእመን። እንግሊዝኛ አንብቦ ለመረዳት የሚቸገር ሰው ብቻውን ባይጀምረው ይሻላል፤ ከሚያነብ ጓደኛ ጋር ቢቀመጥ ግን ይጠቀማል። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ እንዳትቸገሩ የምትፈልጉትን የመጻሕፍት ክፍል ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት፤ ከዚያ ያለ ዳታ ይነበባል። ሁሉንም አታውርዱ፣ ስልክ ያጨናንቃል። መጀመሪያ ዮማን ከ85 እስከ 87፣ ቀጥሎ የራምባምን ሁለተኛ የንስሐ ምዕራፍ፣ ከዚያ ኩፋሌ 34ን አንብቡ። ዕብራይስጡ ቢያስፈራችሁ ከላይ ባለው ምልክት እንግሊዝኛውን ብቻ ማስቀረት ይቻላል።